ቆሞ መመልከት
ስለ ሥዕል፣ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ቀደምት ፊልም የቀረበ ትምህርት



በግዕዝ «ርእየ» ማለት አየ ማለት ነው፤ «ነጸረ» ማለት ግን ትኵር ብሎ ተመለከተ ማለት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ቃላት ለይተው የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ዐይን ያለው ሁሉ ያያል፤ የሚመለከት ግን ጊዜውን የሰጠ ብቻ ነው። በስደት በምንኖርበት አገር ማየት ሞልቶናል፤ መመልከት ግን ርቆናል። ጠዋት በእጃችን ከምንይዘው ስልክ አንሥቶ ማታ በሳሎናችን እስከሚበራው ቴሌቪዥን ድረስ ምስል በምስል ላይ ይደራረብብናል። ሲመሽ ግን ካያችሁት ሁሉ አንዱን ነጥላችሁ ተናገሩ ብንባል ብዙዎቻችን መልስ የለንም።

በዚህ ትምህርት አንድ ሥዕል፣ አንድ ፎቶግራፍና አንድ ፊልም እንመለከታለን። ዓላማችን ሠዓሊ ወይም ሐያሲ ለመሆን አይደለም። ዓላማችን በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ቋንቋ የለያያቸው አያትና የልጅ ልጅ አንድ ነገር ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው አብረው የሚቆዩበትን መንገድ ማመልከት ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ለትምህርቱ መነሻ የሆነን

ከዲሴምበር 2023 እስከ ማርች 2024 በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በዎልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ኢትዮጵያን የሚመለከት ታላቅ ዐውደ ርእይ ቀርቦ ነበር። በዚሁ ሙዚየም በ1993 የኢትዮጵያን ቅዱሳት ሥዕላት ለአሜሪካ ሕዝብ ያስተዋወቀ ሌላ ዐውደ ርእይ እንደ ተከፈተ ከመካከላችን የሚያስታውሱ ይኖራሉ። በኋለኛው ጊዜ ከጥቂት ምእመናን ጋር ሄደን ነበር፤ የአስረጅነቱንም ተግባር የወሰድነው እኛ ነበርን። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እያለፍን ስለ ዘመኑ፣ ስለ አሣሣሉ ስልት፣ ስለ ነገሥታቱ ስንናገር አንዲት አረጋዊት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ከኋላ ቀሩ።

ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ እምብዛም አይናገርም፤ የእርሳቸውም እንግሊዝኛ ከሰላምታ አያልፍም። ተመልሰን ስንፈልጋቸው ከአንዲት ባለ ሦስት ክፍል ተከፋች ሥዕል ፊት ቆመው አገኘናቸው። እኛ ያቺን ሥዕል በሁለት ዐረፍተ ነገር አልፈናታል። እናታችን ሕፃኑ ጌታ ጣቶቹን ለቡራኬ እንዳነሣ የራሳቸውን ጣቶች አንሥተው ለልጁ ያሳያሉ፤ ልጁም አንድ ጊዜ ሥዕሉን አንድ ጊዜ የአያቱን እጅ እየተመለከተ የራሱን ጣቶች ያስተካክላል። ቀጥሎ ሰይፍ የያዙትን በጣቱ እያመለከተ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ቃሉን እንዳልሰሙት እርግጠኞች ነን፤ ጣቱን ግን ሰምተዋል። «ይኼ ሚካኤል፤ ያ ገብርኤል» አሉት።

ያን ዕለት አስረጅ ተብለን የሄድን እኛ ነን፤ ተምረን የተመለስነውም እኛው ነን። በልጅነታችን በቅኔ ማሕሌት ቆመን፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲ ስለ እነዚሁ ሥዕሎች መጻሕፍት አንብበን፣ ከአንዲቱ ሥዕል ፊት ግን ያንን ያህል ቆመን አናውቅም ነበርና።

ሀ. ሥዕል፤ ምን የት እንዳለ መጠየቅ

ከሥዕል ፊት የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ይህ ልማድ ቢገለበጥ መልካም ነው። አስቀድሞ ሥዕሉን፣ ኋላ ጽሑፉን። የመጀመሪያው ጥያቄም «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ሳይሆን «ምን የት አለ?» የሚለው ይሁን።

ሁላችንም ከምናውቀው ከምስለ ፍቁር ወልዳ እንጀምር። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። እጆቿ እንዴት እንደ ተቀመጡ እንመልከት፤ በብዙዎቹ ሥዕሎች አንዱ በሌላው ላይ ተላልፏል፤ በአንደኛው እጇም መሐረም ይዛለች። ሕፃኑ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዟል፤ በሌላው ይባርካል። በግራና በቀኝ ሁለቱ ሊቃነ መላእክት ሰይፋቸውን መዝዘው ቆመዋል። ከሁሉ በታች አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ቢገኝ፣ እርሱ ሥዕሉን ያሣለው ወይም ስለ ነፍሱ የተሣለለት ሰው ነው። አጠገቡ እንዴት እንደ ተማፀነ በግዕዝ ይጻፋል፤ ስሙም አብሮ ይጠቀሳል።

ይህን ያህል ከተመለከትን በኋላ ታሪኩን መጠየቅ ይገባናል። በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) የእመቤታችን በዓላት በዝተው፣ ተአምረ ማርያምም በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ ሲደረግ፣ የሥዕሏም ቍጥር በዚያው መጠን በዛ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ታላቅ የእመቤታችን ሥዕል የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በላዩ የተጻፈው ጽሑፍ የንጉሡን፣ የገዳሙን አበ ምኔትና የሠዓሊውን ስም ያነሣል። ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ይባላል። የአገራችን ሠዓልያን አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን በሥራቸው ላይ ስለማያኖሩ ይህ አንድ ስም ለታሪክ ትልቅ ስጦታ ሆኗል፤ ዛሬ ሊቃውንት ሌሎች ሥዕሎችን ከዚህ ጋር እያስተያዩ «ይህም የእርሱ እጅ ነው፤ ይህም የደቀ መዛሙርቱ ነው» ለማለት የቻሉት በእርሱ መነሻነት ነውና።

እጆቿን አስተላልፋ መሐረም የያዘችው ምስል የመጣችው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ጥንታዊ ሥዕል ቅጅ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አማካይነት ወደ አገራችን ገባ። ሚስዮናውያኑ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአገር ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። ሠዓልያኖቻችን የእጇን አቀማመጥ ተቀብለው ልብሷን በአገራቸው ቀለምና ጥለት ሣሉት፤ ሰይፍ የመዘዙትን መላእክትም በግራ ቀኟ አቆሙ። እንግዳውን ሥዕል አልገለበጡትም፤ አገር አለመዱት። በሰው አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር እንጨምርና እንለፍ። በነባሩ አሣሣላችን ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዐይን ይሣላሉ፤ ከሓድያንና ክፉዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ሕፃናት ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ከነገሯቸው ከግድግዳ ግድግዳ እየሮጡ «ይሄ ጥሩ ነው፤ ያ መጥፎ ነው» እያሉ ሲለዩ ይውላሉ። ይህ ጨዋታ ቢመስልም የጨዋታው ሥር ጥልቅ ነው። ሥዕሉን የምናየው እኛ ብቻ አይደለንም፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለውም ያየናል ማለት ነው።

ለ. ፎቶግራፍ፤ ማን አነሣው? የተነሣውስ ማን ነው?

ሥዕል በእጅ ይሣላል፤ ፎቶግራፍ ግን ተነሺው በአካል በካሜራው ፊት ካልቆመ አይገኝም። ስለዚህ ፎቶግራፍን ስንመለከት ከ«ምን የት አለ?» ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ «በዚያች ሰዓት በዚያ ቦታ እነማን ነበሩ?» የሚል ነው።

በ1868 በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት የተነሣ አንድ የሕፃን ፎቶግራፍ አለ። ሕፃኑ የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዕድሜው ሰባት ዓመት ነበር። አባቱ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ላይ ዐረፉ። እርሱን በአማርኛ የሚያነጋግረው «ባሻ ፈለቀ» እየተባለ የሚጠራው ካፒቴን ስፒዲ ነበር። ፎቶግራፉን ያነሣችው ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው ደሴት ትኖር ነበር። ካሜራ በእጇ የገባው በ48 ዓመቷ ከልጇ በስጦታ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም የፎቶግራፍ ታሪክ ስማቸው ከሚጠራው አንዷ ናት። የዘመኗ ሰዎች «ፎቶግራፏ አይጠራም፤ ይደበዝዛል» እያሉ ይነቅፏት ነበር፤ እርሷ ግን የልብሱ ክር ከሚቈጠር ይልቅ የሰውየው መንፈስ ቢታይ ትመርጥ ነበር።

አሁን ልጁን እንመልከተው። ያገሩን ልብስ ለብሷል። ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። የመጀመሪያው ስሜታችን «አቤት ኀዘኑ!» የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ እዚህ ላይ መመልከት ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው ኬሚካል በተቀባ እርጥብ የመስተዋት ሰሌዳ ስለ ነበረ ተነሺው ለረዥም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ሁሉ ፈገግታ ብርቅ ነው። ከምናየው ውስጥ የትኛው የልጁ ኀዘን ነው? የትኛው የመሣሪያው ግዴታ ነው? የትኛውስ እኛ ታሪኩን ስለምናውቅ የጨመርነው ነው? እነዚህን ሦስቱን መለየት ፎቶግራፍን ማንበብ ይባላል። ለይተን ከጨረስን በኋላም አንድ ነገር ይቀራል፤ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ልብሱን ሌሎች መርጠውለት፣ የማያውቀው ቋንቋ በሚነገርበት አገር ቁጭ እንዲል ታዟል፤ ተቀምጧልም።

ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ በዊንዘር ተቀበረ። ካሜሮንም በዚያው ዓመት በሴሎን ደሴት ሞተች። ልጁን በስሙ የምንጠራው የተነሣው ማን እንደ ሆነ ተመዝግቦ ስለ ቈየ ነው። ባይመዘገብ ኖሮ ዛሬ «አንድ ያልታወቀ አፍሪካዊ ሕፃን» ተብሎ በአንድ መሳቢያ ውስጥ በቀረ ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። ከአገር ስንወጣ በሻንጣችን አራት ፎቶግራፎች ይዘን ነበር። ከአራቱ በአንደኛው አባታችን በወጣትነቱ ከአንድ ፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ተቀምጧል፤ ከኋላው ነጠላ ያጣፋች ሴት እጇን በትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። እናታችን አይደለችም። እኅቱ ትሁን አክስቱ፣ ወይም ያሳደገችው ሴት፣ አናውቅም። እናታችን በሕይወት ሳሉ በስልክ ብዙ ጊዜ አነጋግረናቸዋል፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ወረቀት ጠይቀናቸዋል፤ ይህን ግን አልጠየቅናቸውም። ፎቶግራፉ ሁልጊዜ በእጃችን ስለ ነበረ ያየነው መስሎን ነበር። አሁን የሚነግረን ሰው በሕይወት የለም። ገልብጠን ብናየው ከኋላው ባዶ ነው።

ሐ. ፊልም፤ ፊትን መመልከት

ከምእመናን አንዳንዶቹ «ፊልም ለክርስቲያን ምን ይጠቅመዋል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙው ፊልም ጊዜን ከመብላት በቀር ጥቅም የለውምና። ነገር ግን እንደ ሥዕል ሁሉ በፊልምም ዘመን ያልሻረው ሥራ አለ። ከእነዚያ አንዱ ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድራየር በፈረንሳይ አገር ሠርቶ በ1928 ለሕዝብ ያቀረበው የጃን ዳርክ ፊልም ነው።

ጃን ዳርክ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ ጦር የመራች የገበሬ ልጅ ናት። በጠላት እጅ ወድቃ በካህናት ሸንጎ ተከሳ በ1431 በሩዋን ከተማ በእሳት ተቃጠለች፤ ዕድሜዋ 19 ዓመት ያህል ነበር። በ1456 ፍርዱ ተሻረ፤ የሮም ቤተ ክርስቲያንም በ1920 ቅድስት ብላ ሰየመቻት። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን አይደለችም፤ ፊልሙንም የምንመለከተው ስለ ጥበቡና ስለ ሰው ልጅ ፍርድ ነው።

ድራየር የሸንጎውን መዝገብ መሠረት አድርጎ ለወራት የቈየውን ምርመራ በአንድ ቀን እንደ ተፈጸመ አስመስሎ አቀረበው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ትልቅ ሕንጻ ተሠርቶለት ሳለ ካሜራውን ከሕንጻው ይልቅ ወደ ሰዎቹ ፊት አዞረው። ለተዋንያኑ ፊት ኩልና ቅባት ከለከለ፤ ስለዚህ የዳኞቹ መጨማደድ፣ ላባቸውና ኪንታሮታቸው ሳይቀር ይታያል። ጃንን ሆና የተጫወተችው ፋልኮኔቲ የመድረክ ተዋናይት ነበረች፤ ጠጉሯ ሲላጭ የምናየው በእውነት ነው። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ እንጂ ሌላ የለም። የእኛን ሥዕሎች የተመለከተ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጀርባው ባዶ፣ ዐይኑ ትልቅ፣ ፊቱ ወደ እኛ።

ፊልሙን ሲመለከቱ አንድ ቦታ ልብ ይበሉ። ጃን በእስር ቤት ሳለች የመስኮቱ ፍርግርግ ጥላ በወለሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ይሠራል፤ እርሷም አይታ ትጽናናለች። ወዳጅ መስሎ ሊያታልላት የሚመጣው ካህን ሲገባ ግን ያ የመስቀል ጥላ ይጠፋል። ቃል አልተነገረም፤ ነገሩ ግን አልቋል።

ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ቢያስፈልግም፣ አብዛኛው ነገር የሚነገረው በፊት ነው። ባለፈው ክረምት ከላይ ባነሣናቸው እናት ቤት በአንድ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን ተመልክተነው ነበር። የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እያነበበ በሚችለው አማርኛ ይነግራቸዋል። ቃል ሲያጥረው በእጁ ያሳያል። እርሳቸውም በበኩላቸው ልጁ ያላየውን ያሳዩታል። በመካከሉ «ዳኞቹን እያቸው፤ እንደ ሰው የሚያያት ያ ወጣት መነኩሴ ብቻ ነው» አሉት። ስለዚህ ፊልም ብዙ የተጻፈ አንብበናል፤ ከዚህ የተሻለ አስተያየት ግን አላገኘንም። ልጁ ከዚያ በኋላ መነኩሴው በታየ ቍጥር የአያቱን እጅ ይነካ ነበር።

የፊልሙም የራሱ ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። ዋናው ነጌቲቭ በ1928 መጨረሻ በበርሊን በእሳት ጠፋ። ድራየር ከተረፉት ቍርጥራጮች ሁለተኛ ቅጅ አዘጋጀ፤ እርሱንም በተከታዩ ዓመት እሳት በላው። ድራየር በ1968 ሲሞት የመጀመሪያው ሥራው እንደ ጠፋ ያምን ነበር። በ1981 ግን በኖርዌይ በኦስሎ አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ ከአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ሙሉ ቅጅ ተገኘ። አምሳ ዓመት ያህል ማንም ልብ ሳይለው ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ለመመልከት ለሚሻ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንጠቍማለን። በ1976 የቀረበ፣ በጥቁርና ነጭ የተነሣ፣ በባላገሩና በባለ መሬቱ ኑሮ ላይ የተመሠረተ የአማርኛ ፊልም ነው። ካሜራው አይቸኩልም፤ የሚያርሰውን ገበሬ ከሩቅ ቆሞ ይጠብቃል። በዚህኛው ፊልም አስተርጓሚነቱ ይገለበጣል፤ አያት ይነግራሉ፣ ልጅ ይሰማል።

መ. እስከሚቀጥለው ዕትም የሚሆን ልምምድ

ትምህርት ያለ ልምምድ አይጸናምና ሦስት ቀላል ነገሮችን እናመልክት።

አንደኛ፤ በቤታችን ግድግዳ ላይ ካለው ሥዕል አንዱን መርጠን በሳምንት አንድ ቀን ለዐሥር ደቂቃ ያህል ከልጆቻችን ጋር እንቁምበት። መጀመሪያ ልጁ ያየውን ይናገር፤ እኛ ኋላ እንናገር። እኛ ያላየነውን ካሳየን እንቀበለው፤ እንዲያውም ደስ ይበለን።

ሁለተኛ፤ በወር አንድ ጊዜ ስልኩ በሌላ ክፍል ተቀምጦ አንድ ቀደምት ፊልም አብረን እንመልከት። ፊልሙ ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» ብለን አንጠይቅ፤ ይህ ጥያቄ ወሬውን ይዘጋዋል። «የማን ፊት ቀረባችሁ?» ብለን እንጠይቅ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስቸኵል ነው። በየቤታችን በቁም ሣጥንና በአልጋ ሥር በብስኵት ቆርቆሮና በፖስታ ውስጥ የተቀመጡ ፎቶግራፎች አሉ። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አረጋውያኑን እናስቀምጥና አንድ በአንድ እናሳያቸው። ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? አጠገቡ የቆመችውስ ማን ናት? የሚሉንን ልጆቻችን ለስላሳ እርሳስ ይዘው ከኋላው ይጻፉት፤ ጠንካራ እስክሪፕቶ ወረቀቱን ስለሚያበላሸው እርሳስ ይሻላል። አማርኛ መጻፍ የማይችል ልጅ በሚችለው ፊደል ይጻፍ፤ ስሙ ከሚጠፋ ይሻላል። አረጋዊው ያላስታወሱትን ፎቶግራፍ ወደ ሌላ አረጋዊ እንውሰደው፤ ያገር ሰው ባገር ሰው ይታወቃልና።

የዳጋው ሠዓሊ ስሙን ስላገኘነው ሥራውን አወቅን። ሕፃኑ ልዑል ስሙ ስለ ተመዘገበ ዛሬም በስሙ እናስበዋለን። በአባታችን ትከሻ ላይ እጇን ጣል ያደረገችው ሴት ግን ፊቷ እንጂ ስሟ የለንም። ፊቷን አሁን በየዕለቱ እንመለከተዋለን፤ አፍንጫዋ የታላቅ ልጃችንን አፍንጫ ይመስላል። ይህን ያስተዋልነው ከባልቲሞር ከተመለስን በኋላ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።